«ክርስትና በቪዲዮ ማንሣት ይቻላል ወይ?»

ደብዳቤው፦

«ቨርጂኒያ የምኖር የ31 ዓመት ሴት ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ባለፈው የጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ወለድኩ። ሴት ናት። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ባለቤቴ ያደገው በፕሮቴስታንት ቤት ነው። እናቴ ከደሴ በየቀኑ እየደወለች "80 ቀኗ እንዳያልፍ፣ ካለፈ አይጸናላትም" ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ "የሚያድነው ኢየሱስ እንጂ ውኃ አይደለም፤ አድጋ ራሷ ትወስን" ይላል። እንዲያውም ቀኑን ስቆጥር ሰሙነ ሕማማት ውስጥ ገባብኝ። የክርስትና እናት እንድትሆናት የምፈልገው አዲስ አበባ ያለች አብሮ አደጌን ነው። በቪዲዮ ሆና ልታነሣት ትችላለች? የባለቤቴ እኅት እዚሁ ስላለች "እኔ ላንሣት" ብላኛለች። ለዕለቱ ምን ምን እንደማዘጋጅም አላውቅም። ከሁሉ በላይ የጨነቀኝ ግን ጥምቀቱ በትክክል ምን እንደሚያደርግ ለባለቤቴ የማስረዳበት ቃል ማጣቴ ነው።»

መልስ፦

እኅታችን፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ!

ቶሎ መወሰን ያለበት ቀኑ ስለሆነ ከእሱ እንነሣ። ቆጠራሽ ልክ ነው። የተወለደችበት ቀን ራሱ አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ ከጥር 11 እስከ ጥር 30 ድረስ 20 ቀን፣ የካቲት 30፣ መጋቢት 30፤ 80ው መጋቢት 30 ላይ ይሞላል። በስልክ «80 ቀን ደምር» ብሎ የሚያሰላ ሰው የልደቱን ቀን ስለሚዘለው አንድ ቀን አልፎ ይገኛል። ማመሳከሪያ ካስፈለገሽ ከበዓላቱ ውሰጂ፤ ጌታ ታኅሣሥ 29 ተወልዶ በ40 ቀኑ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበት በዓል የካቲት 8 ነው። ታኅሣሥ 29ን አንድ ብለሽ ብትቆጥሪ የካቲት 8 ላይ 40 ይላል።

የዘንድሮው ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሆነ ሰሙነ ሕማማት ከመጋቢት 28 እስከ ሚያዝያ 3 ነው፤ የልጅሽ 80ኛ ቀን ረቡዕ፣ መካከሉ ላይ ወደቀ ማለት ነው። በዚያ ሳምንት ክርስትና አይነሣም። ካህናቱ በመስቀል አይባርኩም፣ አያናዝዙም፤ ፍትሐት እንኳ የለም፣ በሳምንቱ ለሚያርፉት ሁሉ ጸሎተ ፍትሐቱ በሆሣዕና ዕለት አስቀድሞ ይደረጋል። ቀኑን አስቀድሞ በሆሣዕና ማድረግም አይሆንም፤ ልጅቷ ጤነኛ እስከሆነች ድረስ ከ80 ቀን በፊት አትጠመቅም። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ይሆናል። ዳግም ትንሣኤ ሚያዝያ 11፣ በፈረንጆቹ አፕሪል 19 እሑድ ይውላል፤ ለአንቺም ለሥራ ሰው እንግዶችሽም የሚመች ቀን ነው። በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን አዲስ አማኞች በብዛት ይጠመቁ የነበረው በፋሲካ ሌሊት ስለነበረ፣ ወቅቱ ከጥምቀት ጋር እንግዳ አይደለም። ቀኑን የሚቆርጡት ግን አጥማቂው ካህን ናቸውና ዛሬውኑ ደውዪላቸው። የአሜሪካ አጥቢያዎች በፋሲካ ሰሞን ወረፋ ይበዛባቸዋል።

ለእናትሽ ደግሞ እንዲህ በያት። 40ና 80 ቀን ሥርዓት ነው፤ መጠበቅ አለበት፤ ያለ ምክንያት ማሳለፍ ቸልተኝነት ነው። ነገር ግን ቀኑ አለፈ ተብሎ ጥምቀቱ አይረክስም፣ አይደክምም። ሥርዓቱ የመጣው ከሁለት ቦታ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ወንድ የወለደች እናት 7 እና 33፣ ሴት የወለደች 14 እና 66 ቀን ትቆያለች፤ ሲደመር 40 እና 80 ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት እንደገቡ ይናገራል። ሕፃናቱን በእነዚህ ቀናት ማስጠመቅ እንግዲህ «አዳምና ሔዋን የወጡበትን ገነት መልሰው ይግቡበት» ማለት ነው። ቁጥሩ ድግምት አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው የሕንደኬ ጃንደረባ የተጠመቀው የጎለመሰ ባለ ሥልጣን ሆኖ፣ በመንገድ ዳር ባገኘው ውኃ ነው፤ 40 ቀኑን ማንም አልቆጠረለትም። በተቃራኒው ሕፃን ታሞ ለሞት ካሠጋ በ3ኛውም በ10ኛውም ቀን ቄስ ተጠርቶ ይጠመቃል፤ ሆስፒታል ውስጥ፣ ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ቢሆንም። አያድርስ እንጂ፣ ከአሁን እስከ ፋሲካ እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ ቀን አትቁጠሪ። የካህኑን ስልክ ቀድመሽ ያዢ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ።

«የሚያድነው ኢየሱስ እንጂ ውኃ አይደለም» ማለቱን እንደ ተቃውሞ አትስሚው። ትክክል ብሏል። ቤተ ክርስቲያንም ውኃ በራሱ ያድናል ብላ አታውቅም፤ ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ላይ ጥምቀት የሰውነት እድፍ ማስወገድ እንዳይደለ፣ የሚያድነውም በኢየሱስ ክርስቶስ ትንሣኤ እንደሆነ ጽፏል። ባለቤትሽ በጀመረው ቃል ቀጥዪ፤ የሚያድነው ኢየሱስ ከሆነ፣ እንዴት ነው የሚያድነው? የእሱ ማዳን ወደ አንድ የተወሰነ ሰው፣ ወደዚህች 4 ኪሎ ወደማትሞላ ልጅ፣ በምን በኩል ይደርሳል?

እናቶቻችን ሲደነግጡ «መድኃኔ ዓለም!» ይላሉ። የዓለም መድኃኒት፣ የዓለም አዳኝ ማለት ነው። ስሙን ከልጅነታችን ስለለመድነው ውስጡ ያለውን ክርክር ረስተነዋል። በአራተኛው መቶ ዓመት አርዮስ የተባለው የእስክንድርያ ቄስ ወልድ ፍጡር ነው፣ ከፍጡራን ሁሉ የከበረ ቢሆንም ፍጡር ነው ብሎ ተነሣ። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት፣ በእኛ ትውፊት 318 የሚባሉት አባቶች፣ አይደለም፣ በመለኮቱ ከአብ ጋር የተካከለ አምላክ ነው ብለው መለሱ። ነገሩ የቃላት ጠብ አልነበረም። አዳኙ ፍጡር ከሆነ፣ የመላእክት አለቃም ቢሆን፣ የራሱን ሕይወት ራሱ በስጦታ የተቀበለ ነው፤ ለሌላ የሚያካፍለው ሕይወት ከየት ያመጣል? በሌላ በኩል አምላክ ብቻ ሆኖ ሥጋችንን ባይዋሐድ ሊሞት አይችልም ነበር፤ ቢሞትም ሞቱ የእኛ ሞት አይሆንም። ስለዚህ አምላክነቱና ሰውነቱ ያለ መለያየት፣ ያለ መቀላቀል በአንድ አካል ሆኑ፤ «ተዋሕዶ» የምንለው ይህን ነው። የሞተው ሰው ስለሆነ ሞታችንን ሞተ። የሞተው አምላክ ስለሆነ ሞት ሊያስቀረው አልቻለም።

ጥምቀት ከዚህ ሞትና ትንሣኤ ጋር የምንጋጠምበት በር ነው። ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 6 ላይ ከክርስቶስ ጋር በጥምቀት እንደተቀበርን፣ እሱም እንደተነሣ እኛ በአዲስ ሕይወት እንድንመላለስ መሆኑን ይናገራል። ካህኑ ልጅሽን ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ አስገብቶ ሦስት ጊዜ ሲያወጣት በሥላሴ ስም ነው፤ በአብ አንድ፣ በወልድ ሁለት፣ በመንፈስ ቅዱስ ሦስት። ያው ሦስትነት የጌታን ሦስት መዓልትና ሦስት ሌሊት በመቃብር መቆየትም ያሳያል። ገንዳው መቃብር ነው፤ ያው ገንዳ ደግሞ ማኅፀን ነው፣ ጌታ ለኒቆዲሞስ ከውኃና ከመንፈስ መወለድ ብሎ የነገረው እዚህ ይፈጸማልና። ውኃው በተራ ውኃነቱ አይቀርም። ካህኑ ሲጸልይበት ከጌታ ጎን ከደም ጋር የፈሰሰው ውኃ፣ አባቶቻችን «ማየ ገቦ» የሚሉት ይሆናል። ስለዚህ «ውኃ አያድንም» ሲልሽ፣ «አዎ፤ ይህ ግን ከጎኑ የፈሰሰው ነው» በይው።

አንድ ጥያቄ እንደሚያነሣ እንጠብቃለን፤ «ሕፃን ምን ኃጢአት አላት?» የግል ኃጢአት የላትም። የጎደላት ሌላ ነው፤ አዳም ያጣው የእግዚአብሔር ልጅነት። ሰው ከሰው ሲወለድ ይህን ይዞ አይወለድም፤ የምትቀበለው በዚህ ነው። «ያመነ የተጠመቀም ይድናል» ይላልና ማመን ይቅደም ቢል፣ ለአዋቂ ልክ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም አዋቂን ሳታስተምር አታጠምቅም። ለሕፃን ግን የሌላ ሰው እምነት ሲቆምለት በዚያው በማርቆስ ወንጌል አለ፤ ሽባውን አራት ሰዎች ጣራ አፍርሰው ሲያወርዱት ጌታ የተመለከተው የእነሱን እምነት ነው። በ8 ቀኑ ይገረዝ የነበረው የአብርሃም ልጅም ተጠይቆ አልፈቀደም፤ ጳውሎስ በቆላስይስ ምዕራፍ 2 ጥምቀትን ከዚያ ግዝረት ጋር ያያይዘዋል። ልድያና የፊልጵስዩሱ የወኅኒ ጠባቂ ከነቤተሰቦቻቸው ተጠምቀዋል። ባለቤትሽን ደግሞ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ልጅ እንደሆነ ጠይቂው። ፕሮቴስታንት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ታጠምቃለች፣ ቃለ ሕይወትና ሙሉ ወንጌል ግን አምኖ የመሰከረን ብቻ ነው የሚያጠምቁት። ከመካነ ኢየሱስ ቤት ከሆነ በዚህ ነጥብ ላይ ያን ያህል አትራራቁም፤ ምናልባትም ራሱ በሕፃንነቱ ተጠምቋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳናለዝብ እንነግርሻለን። ጥምቀት አይደገምም። ጸሎተ ሃይማኖት ላይ «በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» እንላለን፤ ይህ ቃል የገባው በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ነው፣ ዛሬም በየቅዳሴው እንደግመዋለን። ስለዚህ «አሁን እናቴ ደስ ይበላት፣ በ15 ዓመቷ ደግሞ በአባቷ በኩል ትጠመቅ» የሚል የሽምግልና ስምምነት አትግቡ። እንዲህ ያለው ስምምነት ሰላም ይመስላል፤ በኋላ ልጅቷን «የመጀመሪያው ከንቱ ነበር» ብሎ እንዲያስክዳት የሚያደርግ ወጥመድ ነው። ከባለቤትሽ ጋር መነጋገር ያለባችሁ ስለ አንድ ቀን ሥርዓት ሳይሆን ልጅቷ በየትኛው ቤት እንደምትቆርብ፣ እንደምትጾም፣ ጸሎት እንደምትማር ነው። ለንስሐ አባትሽም የጋብቻችሁን ሁኔታ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ካህኑ በዕለቱ ገንዳው አጠገብ ቆመው ከሚያውቁት ዛሬ ቢያውቁት ለሁላችሁም ይሻላል። አባትየው በሥርዓቱ ላይ ቆሞ ማየት ይችላል፤ ባይስማማ እንኳ እንዲገኝ ለምኚው።

ወደ ቪዲዮው እንምጣ። መልሱ አይቻልም ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ የምንጠቀምበት ቃል ውስጥ አለ። «ክርስትና አጠጣሁ» ወይም «አስመዘገብኩ» አንልም፤ «ክርስትና አነሣሁ» ነው የምንለው። የክርስትና እናት ልጅቷን ከውኃው ስትወጣ በእጇ ተቀብላ የምታነሣ ናት። ከመቃብር የመነሣቱን ሥራ ነው በእጇ የምትይዘው። በስክሪን ውስጥ ያለ እጅ እርጥብ ሕፃን አይቀበልም። ከዚያ በፊትም ሥራ አላት፤ ሕፃኗን ይዛ ወደ ምዕራብ ዞራ በልጅቷ ስም ሰይጣንን ትክዳለች፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ማመኗን ትመሰክራለች። ምዕራብ ፀሐይ የምትጠልቅበት፣ የጨለማ ወገን ስለሆነ ነው። ብዙዎች ይህን ቃል ካህኑ ሲያስብሏቸው አፋቸው ይተሳሰራል፤ ምን እንደሚባል አስቀድማ ጠይቃ ትለማመደው።

የባለቤትሽ እኅትም አትሆንም፤ ይህን ግን በክብር ንገሪያት። በውኃው ፊት የምትመሰክረው የቤተ ክርስቲያንን እምነት ነው፤ የማታምንበትን እንድትናገር ማድረግ እሷንም መበደል ነው። የክርስትና እናት የተጠመቀች፣ የምትቆርብ ወይም ቢያንስ ንስሐ አባት ያላት፣ ጸሎተ ሃይማኖትን የምታውቅ አዋቂ ኦርቶዶክሳዊት ትሁን። ለሴት ልጅ ሴት፣ ለወንድ ወንድ ነው። ወላጅ የገዛ ልጁን አያነሣም። ቅርበቷንም አስቢ። ግዴታዋ በዕለቱ ጥብቆ በመግዛት አያልቅም፤ ልጅቷ ስትናገር አባታችን ሆይን ታስተምራታለች፣ ወደ ቁርባን ታመጣታለች፣ አንቺ ብትታመሚ እናት ትሆናታለች። አብሮ አደግሽ ጥሩ ሴት እንደሆነች አንጠራጠርም፤ ግን የ13 ሰዓት በረራ ርቀት ላይ ሆኖ ይህ ከባድ ነው። በአጥቢያሽ ካሉት ከሰበካ ጉባኤ ወይም ከሰንበት ትምህርት ቤት አንዷን ፈልጊ። ለመወሰን ከተቸገርሽ ካህኑ ራሳቸው ይጠቁሙሻል። እግረ መንገድ፣ ክርስትና ካነሣችው ቤት ጋር አበልጅ ትሆናላችሁ፤ መንፈሳዊ ዝምድና ስለሆነ ልጅሽ ከክርስትና እናቷ ወንድ ልጅ ጋር ለጋብቻ አትፈላለግም። «ልጆቻችንን እናጋባለን» እያላችሁ የምትቀልዱ ወዳጆች ካላችሁ ሌላ ሰው ምረጡ።

አሁን ስለ ዕለቱ ዝግጅት። ክርስትና የሚነሣው ከቅዳሴ ጋር ተያይዞ ነው፤ ልጅቷ በዚያው ዕለት ትቆርባለችና። ስለዚህ ማለዳ ነው፤ ካህኑ ከሰጡሽ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ። እናቶች በብዛት የሚሳሳቱት በጡቱ ላይ ነው። ልጅቷ እንዳታለቅስ ብለው በር ላይ ያጠቧታል፤ ከቁርባኑ በኋላ ወተቱን ስታስመልስ ቅዱስ ደሙን ይዛ ትወጣለች፣ ከዚያ ድንጋጤ ነው። ለስንት ሰዓት ሳትጠባ መቆየት እንዳለባት ካህኑን በሰዓት ጠይቂ፤ የመጨረሻውን ጡት በዚያው ሰዓት በደንብ አጥቢያት። ጨቅላ ስለሆነች የምትቀበለው ደሙን በእርፈ መስቀል፣ በማቁረቢያው ማንኪያ፣ ጥቂት ነው። ከቆረበች በኋላ አፏን በንጹሕ ነጠላ ጫፍ ሸፈን አድርጊ፣ ማየ መቁረሩን፣ ከቁርባን በኋላ የሚሰጠውን ውኃ፣ ጥቂት አቅምሻት፣ ከዚያ ጡት። የማስታገሻ ጡጦ ወዲያው አታጉርሻት። ያም ሆኖ ብታስመልስ በንጹሕ ጨርቅ ጠርገሽ ለካህኑ አሳዪ፤ መጣያ ውስጥ አትወርውሪው።

ቅባት አትቀቢያት። ለምን እንደሆነ አስቢው፤ ዘይት የተቀባች ሕፃን በእርጥብ እጅ ውስጥ ትንሸራተታለች። ደግሞም በዕለቱ የምትቀባው ሌላ ነው። ሜሮን ማለት ጳጳሳት በጸሎት ያከበሩት ቅባት ነው፤ ካህኑ ከግንባሯ ጀምሮ በ36 ቦታ በመስቀል ምልክት ይቀባታል፤ ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ልብ፣ እጅ፣ እግር። ጥምቀት ከወለዳት በኋላ መንፈስ ቅዱስ የሚታተምባት በዚህ ነው። ስለዚህ የምትለብሰው በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን፤ ብዙ ቁልፍ ያለው የፈረንጅ ቀሚስ ሁሉንም ያዘገያል። የጆሮ ጌጥ ካላት ቤት ይቅር። የሚያስፈልግሽ ሁለት ወፍራም ፎጣ፣ አዲስ ነጭ ልብስ፣ የምትጠቀለልበት ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ፣ ጧፍ፣ ማዕተብና ትርፍ ዳይፐር ነው። ሜሮኑ እንዳይታጠብ በዚያ ዕለት ገላዋን አታጥቢያት፤ እስከ መቼ እንደምትቆዪ ካህኑ ይነግሩሻል። የተጠረገችበትን ጨርቅ ለብቻው አጥበሽ ውኃውን ሰው በማይረግጠው ቦታ፣ ለምሳሌ ዛፍ ሥር ድፊው።

ስለ ብርዱ አትፍሪ። በአገር ቤት ክርስትና ቤቱ ውስጥ ያለው ውኃ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ እዚያ አሜሪካ ግን ውኃው ከመባረኩ በፊት ለብ እንዲል ሙቅ እንዲጨመርበት ዲያቆኑን አስቀድመሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ሕፃኗ ጉንፋን ወይም የደረት ችግር ካለባት ደብቀሽ አታስገቢያት፤ ንገሪያቸው፣ እንዴት እንደሚያጠምቋት እሳቸው ያውቃሉ። ማዕተቡን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፤ በአንገት ላይ ያለ ክር ለተኛ ሕፃን አደገኛ ነው። በዕለቱ ይታሰርላት፤ ቤት ስትገቢ ስትተኛ አውልቂላት፣ ስትነቃ መልሺላት። ክሩ ምስክር ነው፤ ጥምቀቱ አብሮት አይወልቅም።

ለአንቺም የሚነበብልሽ ጸሎት አለ፤ ከወለድሽ ወዲህ ወደ ቤተ መቅደስ የምትገቢው በዚያ ነውና ከልጅሽ ጋር አብረሽ ቅረቢ። መቁረብ ከፈለግሽ ግን ያ የጋብቻችሁ ጥያቄ ይመጣል፤ ከንስሐ አባትሽ ጋር ጨርሺው።

የክርስትና ስሟን ካህኑ ያወጣሉ፤ ወለተ ሥላሴ፣ አመተ ማርያም፣ ወለተ መድኅን የመሳሰለው ነው። አሳብ ካለሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ከዚያ ጻፊው። ከባሕር ማዶ የሚያድጉ ልጆች በብዛት የሚያጡት ይህን ነው፤ 25 ዓመት ሆኗቸው ሊቆርቡ ወይም ተክሊል ሊያደርጉ ሲቀርቡ ካህኑ «ስመ ክርስትናሽ ማነው?» ሲላቸው ወደ እናታቸው ይደውላሉ፤ እናትም «ወለተ… ወለተ ምን ነበረች?» ትላለች። በቁርባን፣ በጸበል፣ በተክሊል፣ በስተ መጨረሻም በፍትሐት የሚጠራው ይህ ስም ነው። አጥቢያው የክርስትና ምስክር ወረቀት ይሰጥሻል፤ ከመውጣትሽ በፊት የስሟ አጻጻፍ ከልደት ሰርተፍኬቷ ጋር አንድ መሆኑን፣ ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር መጻፉን አይተሽ ተረከቢ።

ድግሱ አጭር ይሁን። ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ እንደ ልብ ይፈሰካል፤ ያም ሆኖ ለአዳራሽ ብድር የሚገቡ ወላጆችን እያየን እናዝናለን። አንድ ድፎ ዳቦና ወጥ፣ ቤታችሁ ውስጥ፣ ይበቃል። የባለቤትሽ እኅት ድርሻ እዚህ ነው፤ ድፎውን እሷ ትባርክ ባንልም እሷ ትጋግር። አብሮ አደግሽ ደግሞ በቪዲዮ ትታደም፤ ስልኩን ግን ሌላ ሰው ይያዘው፤ አንቺም የክርስትና እናቷም እጃችሁ ባዶ ይሁን፤ ብልጭታውም ይጥፋ።

መቼም ልጅሽ የተወለደችው በጥምቀት ቀን ነውና፣ አድጋ «ታዲያ በየዓመቱ ጥር 11 ውኃ የምንረጨው እንደገና ልንጠመቅ ነው?» ማለቷ አይቀርም። አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንኳ እንዲህ መስሎት በየዓመቱ እንደገና የሚጠመቁ ብሎ ጽፎብናል። ጃን ሜዳም ሆነ ጎንደር የፋሲለደስ መዋኛ ላይ የሚረጨው ውኃ በረከትና መታሰቢያ ነው። መታሰቢያነቱም ጌታ በ30 ዓመቱ ዮርዳኖስ ለገባበት ቀን ነው። እሱ የሚታጠብ ኃጢአት አልነበረበትም። አባቶች እንደሚተርኩት ዲያብሎስ አዳምና ሔዋንን «አዳም የዲያብሎስ አገልጋይ፣ ሔዋን የዲያብሎስ ገረድ» የሚል የዕዳ ደብዳቤ አጽፎ አንዱን በዮርዳኖስ፣ አንዱን በሲኦል ደብቆት ነበር፤ ጌታ የዮርዳኖሱን ሲጠመቅ፣ የሲኦሉን ደግሞ ወደ ሲኦል ሲወርድ ደመሰሰው። ጥያቄው ሲመጣ ይህን ንገሪያት፤ የክርስትና እናቷም አብራ ብትሰማ ጥሩ ነው፣ ግማሹን ትጨምርበታለች።